ጉርሻውን ተዉት፣ ስኒውን ቁጠሩ

(ፒያሳ አካባቢ በሚገኝ አዳራሽ አንድ የሥነ ምግብ ባለሙያ ክብደት መቀነስ ለሚፈልጉ ሰዎች ያደረጉት ንግግር፤ ከድምፅ ቅጂ ተገልብጦ የቀረበ)

እንደምን አመሻችሁ!

እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እህቶቼና ወንድሞቼ፣ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። አብዛኞቻችሁ በቀጥታ ከሥራ ነው የመጣችሁት፤ ከካዛንቺስም ከለገሃርም፣ የታክሲ ሰልፍ ተሰልፋችሁ። ርቧችኋል። ለራበው ሰው ስለ ምግብ ማውራት ግፍ እንደሆነ አውቃለሁ። (ሳቅ) ስለዚህ ወሬ አላበዛም።

ጠረጴዛው ላይ ያለውን ታያላችሁ? አንድ የወጥ ቤት ሚዛን፣ አንድ የቡና ስኒ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ፣ አንድ ጠርሙስ ዘይት፣ በሳህን ላይ የታጠፈ አንድ እንጀራ። ሌላ የማሳያችሁ ነገር የለኝም። ስለ ሦስት ነገር እናገራለሁ፤ አንደኛ፣ ስንት ካሎሪ ይበቃናል? ሁለተኛ፣ ካሎሪው የት ነው የተደበቀው? ሦስተኛ፣ አምሮትን ምን እናድርገው? ቀድማችሁ ከላካችኋቸው ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ሦስተኛው ናቸው። «ኬክ ሲያምረኝ ምን ላድርግ?» «ማታ ማታ እጄ ፍሪጅ ውስጥ ነው» ያላችሁ አላችሁ። ይደርሳል። ግን ሁለተኛው ሳይገባን ሦስተኛው አይፈታምና ታገሱኝ።

አንደኛውን ቶሎ ልጨርሰው።

ካሎሪ ማለት ምግቡ ለሰውነታችን የሚሰጠው የጉልበት መጠን ነው። አንድ ግራም ስብ 9 ካሎሪ አለው፤ ዘይትም ይሁን ቅቤ ያው ነው። አንድ ግራም ካርቦሃይድሬት 4፣ አንድ ግራም ፕሮቲን 4፣ አንድ ግራም አልኮል 7። እነዚህን አራት ቁጥሮች ያዙልኝ። ሰውነታችን ላይ ያለ አንድ ኪሎ ስብ ደግሞ ወደ 7,700 ካሎሪ ገደማ የተጠራቀመበት ነው። በቀን 500 ካሎሪ ያጎደለ ሰው በሳምንት ግማሽ ኪሎ ገደማ ይቀንሳል ማለት ነው፤ ያውም መጀመሪያ አካባቢ። ክብደት ሲቀንስ ሰውነት የሚፈልገው ጉልበትም አብሮ ስለሚቀንስ ፍጥነቱ ይቀዘቅዛል። «ሦስተኛው ወር ላይ ቆመብኝ» የምትሉት ለዚህ ነው፤ ሰውነታችሁ አልተበላሸም።

ስንት ይበቃኛል? ወረቀት ያላችሁ ጻፉ። እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣ፣ ሚፍሊንና ሴንት ጆር በሚባሉ ተመራማሪዎች ስም የሚጠራ ቀመር አለ። ክብደታችሁን በኪሎ በ10 አባዙ። ቁመታችሁን በሴንቲ ሜትር በ6.25 አባዙና ደምሩ። ዕድሜያችሁን በ5 አባዝታችሁ ቀንሱ። ሴት ከሆናችሁ 161 ቀንሱ፤ ወንድ ከሆናችሁ 5 ጨምሩ። ቀኑን ሙሉ ተኝታችሁ ብትውሉ ሰውነታችሁ የሚፈልገው ይሄ ነው። ወንበር ላይ ለሚውል ሰው ውጤቱን በ1.4 አባዙት።

በምሳሌ እንየው። የ35 ዓመት ሴት፣ 75 ኪሎ፣ ቁመቷ 1 ሜትር ከ60። 750 ሲደመር 1,000፣ ሲቀነስ 175፣ ሲቀነስ 161፤ 1,414 ይመጣል። በ1.4 ሲባዛ ወደ 1,980። ከዚህ ላይ 500 ሲነሳ ወደ 1,500 ይቀራታል። ይህች ሴት በቀን 800 ካሎሪ እየበላች መሰቃየት የለባትም፤ 1,500 በልታ ትቀንሳለች! ሐኪም ካልተከታተለው በቀር ሴት ከ1,200፣ ወንድ ከ1,500 በታች አይውረድ።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ አደራ ልበል። ነፍሰ ጡር የሆናችሁ፣ የምታጠቡ፣ ከ18 ዓመት በታች የሆናችሁ፣ ይሄ ስሌት ለእናንተ አይደለም። ኢንሱሊን የምትወጉ ወይም እንደ ግሊቤንክላማይድ ያለ የስኳር መድኃኒት የምትወስዱ ደግሞ ምግብ ስትቀንሱ መድኃኒቱም አብሮ መስተካከል ሊኖርበት ይችላል። አለበለዚያ ስኳራችሁ ድንገት ወርዶ ያልባችኋል፣ ያንቀጠቅጣችኋል፣ ራሳችሁን ትስታላችሁ። መጀመሪያ ሐኪማችሁን፣ ከዚያ ሚዛኑን።

አንደኛው አለቀ። ወደ ድስቱ እንግባ።

ቤቱ ወጥ ሲሠራ ዘይት በማንኪያ ለክቶ የሚጨምር ማነው? እጅ አውጡ። እስቲ... አንድ፣ ሁለት። ከዚህ ሁሉ ሰው ሁለት! ሌሎቻችንስ? ጠርሙሱን ዘንበል፣ ቀጥ፣ ትንሽ ደግሞ ዘንበል። አይደለም እንዴ? (ሳቅ)

እዩ። ይሄ የቡና ስኒ ነው። ለክቼዋለሁ፣ 70 ሚሊ ሊትር ይይዛል። ዘይት ሲሞላ ወደ 570 ካሎሪ ነው። የሾርባ ማንኪያው ልክ ሲሞላ 120 ካሎሪ። አንድ ሊትር ዘይት ከ8,000 ካሎሪ በላይ አለው። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄዬ «ምን ትበላላችሁ?» አይደለም። «ቤታችሁ አንድ ሊትር ዘይት ለስንት ቀን ይበቃል? ስንት ሰው ነው የሚበላው?» ነው። አራት ሰው ያለበት ቤት አንድ ሊትር በአምስት ቀን ከጨረሰ እያንዳንዱ ሰው በቀን 400 ካሎሪ ከዘይት ብቻ እያገኘ ነው። ማንም ሳያላምጠው!

ሽሮን እንውሰድ፤ ድሃም ሀብታምም የሚበላው ነው። ለአራት ሰው 120 ግራም የሽሮ ዱቄት፣ ወደ 430 ካሎሪ። ሁለት ራስ ሽንኩርትና አንድ ቲማቲም፣ 100 ገደማ። አንድ ስኒ ዘይት፣ 570። ድምሩ 1,100፣ ለአራት ሲካፈል ለአንድ ሰው 275። ከዚህ ውስጥ ከግማሽ የሚበልጠው ዘይቱ ነው። ሽሮው አይደለም፣ ዘይቱ! ስኒውን ትታችሁ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ብትጨምሩ ለአንድ ሰው 190 ገደማ ይሆናል። ያው ሽሮ፣ ያው ጭልፋ፣ ያው ጥጋብ።

«ዘይት ከሌለው ወጡ አይጠራም» ትሉኛላችሁ። እውነት ነው፣ አላፊዝም። አበሻ ወጥ ሲሠራ የሚጠብቀው ቅባቱ ላይ ብቅ እስኪል ነው። ግን እናቶቻችን ዶሮ ሲሠሩ ሽንኩርቱን በምን ነበር የሚያቁላሉት? በደረቁ! በራሱ ውሃ። ቅቤው የሚገባው በኋላ ነው። ወደዚያ ሥርዓት እንመለስ ነው የምለው።

አሠራሩን በዝርዝር ልንገራችሁ፤ ብዙ ሰው ሞክሮት «አልሆነልኝም» የሚለው እዚህ ላይ ስለሚሳሳት ነው። ሽንኩርቱን በጣም አድቅቁት። ታቹ ወፍራም የሆነ ድስት ያዙ፤ ስስ ድስት ያስይዛል። እሳቱን መለስተኛ አድርጉ፣ ክደኑት፣ ቶሎ ቶሎ አማስሉት። ሊይዝ ሲል ሁለትና ሦስት ማንኪያ ሙቅ ውሃ ጠብ አድርጉ። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይፈጃል። ቸኩላችሁ በአምስት ደቂቃ በርበሬ ካስገባችሁ ወጡ ጥሬ ጥሬ ይላል፤ ከዚያ ያንን ለመሸፈን ዘይት ትጨምራላችሁ፣ ልፋታችሁም ከንቱ ይሆናል። በርበሬው ሲገባ ደግሞ ዘይት ስለሌለ ቶሎ ያርራል፤ ስለዚህ ከበርበሬው በፊት ውሃ ጨምሩ፣ ከዚያ እያለዘባችሁ ቁሌቱን ጨርሱ። ዘይቱን ለክታችሁ መጨረሻ አካባቢ ጨምሩ። ቅቤ የምትወዱ ከማውጣታችሁ በፊት አንድ የሻይ ማንኪያ ጣል አድርጉ፤ 45 ካሎሪ ገደማ ናት። የቅመሙ ሽታ ያለው ቅቤው ውስጥ ስለሆነና መጨረሻ ላይ ስለገባ አፍንጫችሁ ላይ ትደርሳለች። መጀመሪያ ገብታ አንድ ሰዓት የተንተከተከች ቅቤ ግን ካሎሪዋ ይቀራል፣ ሽታዋ ይሄዳል።

አሁን ወደ እንጀራው። እንጀራ ያወፍራል? ጥያቄው ስድስት ጊዜ ተጽፏል፤ ቆጥሬዋለሁ። እንጀራ ከግማሽ በላይ ውሃ ነው። 100 ግራሙ ወደ 150 ካሎሪ ገደማ አለው፤ 100 ግራም ዳቦ ወደ 260። በግራም ሲታይ እንጀራ ከዳቦ የቀለለ ነው። ችግሩ ግራሙ ነው። ይሄ እንጀራ ዛሬ የተገዛ ነው፤ ሚዛኑ ላይ ላስቀምጠው... 318 ግራም። ወደ 480 ካሎሪ። የቤት እንጀራ ወፈር ካለ ከዚህም ይበልጣል። «አንድ እንጀራ ነው የበላሁት» ሲባል ቀላል ይመስላል፤ በምሳሌያችን ያለችው ሴት ግን የቀኗን ሲሶ በላች ማለት ነው። ይከልከል አላልኩም፤ ግማሽ እንጀራ ከብዙ ጎመንና ከምስር ጋር ጥሩ ምሳ ነው። ጤፍ ያቀጥናል የሚባለው ግን ተረት ነው። ማርም ስኳር አይደለም የሚባለው እንዲሁ፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር 60 ካሎሪ ገደማ ነው። ጠዋት በባዶ ሆድ ሙቅ ውሃ በሎሚም ስብ አያቀልጥም። ደስ ካላችሁ ጠጡት፣ ውሃ ነው።

የሚጠጣውን እንይ፤ የሚጠጣ ካሎሪ አያጠግብምና። 300 ሚሊ ሊትር የሚይዝ የጠርሙስ ለስላሳ ውስጥ ከ30 ግራም በላይ ስኳር አለ፣ ወደ 130 ካሎሪ። ቢራ፣ 330 ሚሊ ሊትሩ ወደ 140። ሻይ በሁለት ማንኪያ ስኳር፤ ልክ የሞላች የሻይ ማንኪያ 4 ግራም፣ 16 ካሎሪ ናት፣ ግን ማነው ልክ የሚሞላ? የእኛ ማንኪያ ቁልል ነው፣ 7 ግራም ይደርሳል። በቀን አራት ሻይና ቡና በሁለት ሁለት ቁልል፣ ከ200 በላይ። ስፕሪስ ደግሞ... አቮካዶ ጤናማ ነው አይደል? ነው! 100 ግራም አቮካዶ 160 ካሎሪ አለው። ጭማቂ ቤት ትልቁ ብርጭቆ ውስጥ 200 ግራም አቮካዶ ገብቶ፣ ማንጎ ተደርቦበት፣ ሦስት ማንኪያ ስኳርና ከላይ ቪምቶ ከተጨመረ ከ400 ይበልጣል። ያ ምሳ ነው። የምሳ ማወራረጃ ሲሆን ነው የሚጎዳን።

«እኔ እኮ እራመዳለሁ» ይለኛል ሰው። ተባረክ፣ ተራመድ፤ ለልብህም ለእንቅልፍህም መድኃኒት ነው። ግን 75 ኪሎ የሚመዝን ሰው አንድ ኪሎ ሜትር ሲራመድ ከ50 እስከ 60 ካሎሪ ገደማ ነው የሚያወጣው። አንዷን ለስላሳ ለማካካስ ከሁለት ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከፒያሳ አራት ኪሎ በእግራችሁ ደርሳችሁ እዚያ አንድ ሳምቡሳ ከበላችሁ፣ ሒሳቡን ዘጋችሁት።

የጾሙን ነገር ብዙዎቻችሁ አንስታችኋል። «ሁዳዴን 55 ቀን ጾሜ ክብደት ጨመርኩ፣ እንዴት ይሆናል?» ይሆናል። ስለ ሃይማኖቱ የምናገረው የለኝም፤ የምናገረው ስለ ድስቱ ነው። ሥጋው ሲወጣ ዘይቱ ይገባል። ፍርፍሩ በዘይት፣ ድንቹ በዘይት፣ እርጥቡ፣ ሳምቡሳው፣ ቦምቦሊኖው፣ ዳቦው ላይ የለውዝ ቅቤ፤ አንድ የሾርባ ማንኪያዋ 95 ካሎሪ ናት። እስከ 9 ሰዓት ሲጾም የዋለ ሰው ደግሞ ሲገድፍ ለክቶ አይበላም። በረመዳን የሚጾሙ ወገኖቼም በአፍጥር ሰዓት ያው ናቸው። መፍትሔው የመግደፊያውን ሳህን ሳይርባችሁ በፊት ማሰብ ነው። መጀመሪያ ፈሳሽና ሾርባ፣ ከዚያ ምስር ወይም ክክ ወይም ሽንብራ ሞቅ ያለ ጭልፋ፣ ጎመን፣ ግማሽ እንጀራ። የተቀቀለ ምስር 100 ግራሙ 9 ግራም ፕሮቲን አለው፤ የሚያቆየው እሱ ነው። የተጠበሰው ነገር ካስፈለገ ከዚያ በኋላ፣ አንድ።

ምግብ ቤትስ? አምስት ሰው በአንድ ትሪ ሲበላ የቱን ግራም ይቆጥራል? አይቆጥርም። ጉርሻ መቁጠር አይቻልም፤ ያጎረሰህን ሰው «ቆይ፣ 40 ካሎሪ ናት» ማለትም ነውር ነው። (ሳቅ) የሚቆጠረው ተጠቅልሎ የሚመጣው ጭማሪ እንጀራ ነው። ከፊታችሁ ያለውን ብሉ፣ ጭማሪውን ግን ከመጀመሪያው ለራሳችሁ ወስኑ፤ አንድ ጥቅል ወይም ዜሮ። ክትፎ ስታዙ «ቅቤው ለብቻው ይምጣ» በሉ፤ ቀዩ ሥጋ ራሱ ብዙ አይደለም፣ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ቅቤ ግን 350 ካሎሪ ነው። ጨጨብሳና አነባበሮ ለቅዳሜ ጠዋት ይሁኑ፤ በየቀኑ የሚበሉ አይደሉም።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ስለ ስልክ መተግበሪያዎች። ለታሸገ ምግብ ጥሩ ናቸው። «እንጀራ» ብላችሁ ስትፈልጉ ግን አንዱ 90፣ ሌላው 400 ይላችኋል፤ የማን እንጀራ፣ ስንት ግራም እንደሆነ አይታወቅም፤ ማንም ሰው ነው የሚያስገባው። የኢትዮጵያ የህብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ያዘጋጃቸው የአገራችን ምግቦች ይዘት ሠንጠረዦች አሉ፤ በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣ የአገሪቱ የአመጋገብ መመሪያም አለ። ለቤታችሁ ወጥ ግን ከሁሉም የሚሻለው የገባውን ጥሬ ዕቃ መዝኖ፣ ደምሮ፣ ለሚበላው ሰው ማካፈል ነው። አንዴ ለሽሮ፣ አንዴ ለምስር፣ አንዴ ለሥጋ ወጥ ከሠራችሁት ዓመቱን ሙሉ ያገለግላችኋል።

ሰው ሆን ብሎ አይዋሽም፤ ግን ዓይን ይዋሻል። እ.ኤ.አ. በ1992 በአሜሪካ የታተመ ጥናት ነበር። «በቀን ከ1,200 ካሎሪ በታች እየበላን አልቀንስ አልን» ያሉ 10 ሰዎች የሚበሉት በትክክል ሲለካ፣ በአማካይ ከበሉት ውስጥ 47 በመቶውን አልመዘገቡም ነበር። ግማሹን ያህል! ሐሰተኞች ስለሆኑ አይደለም። ዘይቱን አላዩትም፣ ቀምሼ ነው ያሉትን አልጻፉትም፣ ልጁ ያስተረፈውን አላስታወሱትም። ስለዚህ ሁለት ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት ብቻ ሁሉንም መዝኑና ጻፉ። ዓይናችሁ ይማራል። ከዚያ ሚዛኑን መልሱት፤ ዘይትና ስኳርን ብቻ መለካት ቀጥሉ። ዕድሜ ልክ የሚቆጥር ሰው ወይ ይሰለቻል ወይ ይታመማል። ቁጥሩ ሲያስጨንቃችሁ፣ ከሰው ጋር መብላት ሲያስፈራችሁ ከጀመረ መቁጠሩን አቁሙና ባለሙያ አናግሩ።

ሦስተኛው። አምሮት።

መጀመሪያ ረሃብንና አምሮትን እንለይ። ረሃብ ቀስ ብሎ ይመጣል፤ ቅንጬም ቢቀርብለት አይጠላም። አምሮት ግን ስም ይጠራል። «ኬክ!» ይላል። ቅንጬ ብትሰጡት ይቆጣል። አሁን ራሳችሁን ጠይቁ፤ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ማኪያቶና ኬክ የሚያስብላችሁ የቱ ነው? ብዙ ጊዜ ሁለቱም ናቸው። ጠዋት ደረቅ ሻይ ጠጥተው የወጡ፣ ምሳ ላይ ሰላጣ ብቻ ብለው የተኩራሩ ሰዎች 10 ሰዓት ላይ ኬክ ቤት ይገኛሉ። ያ የፈቃድ ድክመት አይደለም፤ ሆድ ዕዳውን እየሰበሰበ ነው።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጨረሻ፣ እ.ኤ.አ. በ1944 እና 45፣ በአሜሪካ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ 36 ጤናማ ወጣቶች በፈቃዳቸው ለ24 ሳምንት ምግባቸው ተቀነሰ፣ በቀን ወደ 1,570 ካሎሪ። የተነገራቸውን የሚፈጽሙ፣ ጽኑ ልጆች ነበሩ። ምን ሆኑ? ቀንም ሌትም የሚያወሩት ስለ ምግብ ሆነ። ምግብ አሠራር መጽሐፍ የሚሰበስቡ ወጡ። ሳህን የሚልሱ ነበሩ። ልብ በሉ፣ የእነሱ 1,570 ቀኑን ሙሉ የሚሠራና በሳምንት ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ የሚራመድ ወጣት ወንድ ከሚፈልገው ግማሹ ያህል ነበር። አብዝቶ ማጉደል አምሮትን ይፈለፍላል። 800 ካሎሪ ላይ ያለች ሴት ስለ ቦምቦሊኖ ብታልም አይግረማችሁ።

ሌላው እ.ኤ.አ. በ1975 ኸርማንና ማክ የተባሉ ተመራማሪዎች ያሳዩት ነው። ለተማሪዎች መጀመሪያ ሚልክሼክ አጠጧቸው፣ ከዚያ አይስክሬም «ቅመሱና አስተያየት ስጡ» አሏቸው። አመጋገባቸውን የማይቆጣጠሩት ሚልክሼክ ስለጠጡ አይስክሬሙን ትንሽ ቀመሱት። «ዳይት ላይ ነኝ» የሚሉትስ? ሚልክሼኩን ከጠጡ በኋላ ጭራሽ ብዙ በሉ! ለምን? የእኛ ሰው ለዚህ የጠራ ቃል አለው፤ «ካፈርኩ አይመልሰኝ»። አንዴ ሕጉ ከፈረሰ ቀኑ ሁሉ ፈረሰ። አንድ ቁራጭ ኬክ 300 ካሎሪ ቢሆን ነው፤ ከሱ በኋላ ያለው «ካፈርኩ አይመልሰኝ» ግን 1,500 ነው። ያወፈረን የቱ ነው?

ስለዚህ አምሮት በበጀት ይግባ። 1,500 ካሎሪ ያላት ሴት 150ውን በየቀኑ ለአምሮቷ ትመድብ፣ ወይም ሰብስባ በሳምንት አንዴ 1,000 ታድርገው። የተመደበ ነገር ሲበላ ሕግ አልፈረሰም፤ ስለዚህ «አይመልሰኝ» አይመጣም። አበላሉ ግን ሥርዓት አለው። በባዶ ሆድ አይደለም፣ ከምሳ በኋላ። ቆሞ አይደለም፣ ቁጭ ተብሎ፣ በሳህን። ከከረጢቱ አይደለም፤ ኦቾሎኒ ከከረጢት ሲበላ አያልቅም፣ 30 ግራም ጭብጧ ደግሞ 170 ካሎሪ ናት። የምታምረው እሷ ከሆነች ደግሞ እሷው ትበላ። ኬክ ያማረው ሰው ብስኩት ይበላል፣ አይረካም፣ ሙዝ ይበላል፣ አይረካም፣ መጨረሻ ኬኩንም ይበላል። ሦስቱን ከመብላት አንዱን መብላት!

ከበጀቱ ውጭ ስትመጣስ? 20 ደቂቃ ስጧት። ውሃ ጠጡ፣ ከቦታው ተነሱ። አምሮት ማዕበል ነው፤ ይወጣል፣ ይወርዳል። ከ20 ደቂቃ በኋላ ካለች ረሃብ ሊሆን ይችላል፤ የተቀቀለ እንቁላል ብሉ፣ 70 ካሎሪና 6 ግራም ፕሮቲን ነው። በጾም ቀን ንፍሮ። ቤት ውስጥ ያለ ነገር ሁሉ አንድ ቀን ይበላልና ቸኮሌቱን በካርቶን አትግዙ። እንቅልፍም አለ፤ አምስት ሰዓት የተኛ ሰው በማግስቱ የረሃብ ሆርሞኑ ይጨምራል፣ የጥጋቡ ይቀንሳል። ማታ እስከ ሰባት ሰዓት ስልክ እያያችሁ ጠዋት «ፈቃዴ ደካማ ነው» አትበሉ።

ግን ከሁሉም የሚከብደው የራሳችን አምሮት አይደለም። የሰው ነው። «በሞቴ!» «አፈር ስሆን፣ ይቺን ብቻ!» እንዴት እምቢ ይባላል? ይሄን ቀመር አይፈታውም። የሚሠራው ይሄ ነው፤ ሳህናችሁ ላይ ከመጀመሪያው ትንሽ አውጡና ለጉርሻ ቦታ ተዉ። ጉርሻዋን ተቀበሉ፣ በደንብ አላምጡ፣ መልሳችሁ አጉርሱ። ያጎረሰ ሰው እጁ ሥራ ላይ ነው። «ዳይት ላይ ነኝ» አትበሉ፤ ያን ጊዜ ክርክር ይጀመራል፣ «አንቺ ምንሽ ወፍሮ!» ይመጣል። «ጠግቤያለሁ፣ እጅሽ ይባረክ» በቂ ነው። ይሄን ሦስት ጊዜ መድገም ያስፈልጋል፤ ሁለተኛው ላይ የሚሸነፍ ብዙ ነው።

ሰዓቴ እያለቀ ነው መሰለኝ... አስር ደቂቃ? እሺ። ስለ መመዘን አንድ ነገር ብቻ። ጠዋት፣ ከሽንት በኋላ፣ ሳትበሉ፣ በአንድ ዓይነት ልብስ ተመዘኑ። በመጀመሪያው ሳምንት ሁለት ኪሎ ቢወርድ አትጨፍሩ፤ አብዛኛው ውሃ ነው። ሰውነት ያከማቸው ስኳር እያንዳንዱ ግራም ሦስት ግራም ያህል ውሃ ይዞ ነው የሚቀመጠው፣ ሲያልቅ ውሃውም ይሄዳል። በፋሲካ ማግስት ሁለት ኪሎ ቢጨምርም አትደንግጡ፤ ጨውና ውሃ ነው። ሴቶች ከወር አበባ በፊትም እንዲሁ። የሳምንቱን አማካይ ከሳምንቱ አማካይ ጋር አስተያዩ። አራት ሳምንት ሙሉ ካልተነቃነቀ መጀመሪያ ዘይቱን እንደገና ለኩ፤ ብዙ ጊዜ ማንኪያው ቁልል ሆኖ ነው የሚገኘው። ለክታችሁ ትክክል ከሆነ ያኔ 100 ወይም 200 ካሎሪ አንሱ። ከክብደታችሁ ከ5 እስከ 10 በመቶ መቀነስ ለግፊትም ለስኳርም ይጠቅማል፤ 75 ኪሎ ለሆነች ሴት ከ4 እስከ 7 ኪሎ ማለት ነው። የሠርግ ፎቶዋን መልሳ መምሰል አይጠበቅባትም።

አሁን ጠርሙሱ እዚህ አለ፣ ስኒውም። አራት ሰው ወደ መድረክ ይውጣልኝ፤ ቤት ምግብ የምትሠሩ፣ ወንድም ይሁን ሴት። እያንዳንዳችሁ ለአንድ ድስት ሽሮ ቤታችሁ የምትጨምሩትን ያህል ዘይት እዚህ ስኒ ውስጥ ታደርጋላችሁ። በዓይናችሁ፣ እንደለመዳችሁት፤ እያያችሁኝ አትቀንሱ! ከዚያ ሚዛኑ ላይ እናስቀምጠዋለን፣ ግራሙን በ9 እናባዛለን። የስኒውን ክብደት አስቀድሜ ዜሮ አድርጌዋለሁ። ኑ እናቴ፣ እርስዎ ይጀምሩልን።